የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ በደሴና በኮምቦልቻ መኖሪያ ቤቶች

የፀሐይ ውሃ ማሞቂያ የገላና የዕቃ ማጠቢያ ውሃን ጣሪያ ላይ በፀሐይ የሚያሞቅ መሣሪያ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የተቆረቆረች ብርዳም ከተማ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነች ሞቅ ትላለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደሴ ላይ ከቧንቧ የሚወርደው ውሃ እጅ ያደነዝዛል፤ ሙቅ ውሃ እዚህ ቅንጦት አይደለም። ደግነቱ ውርጭ የሚበረታው ሰማዩ ሲጠራ ነውና፣ ከተማዋ ሙቅ ውሃ አጥብቃ በምትሻበት ወቅት ፀሐይዋ አትነፍጋትም።

ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው ማሞቂያ በ1891 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ባልቲሞር ላይ የፈጠራ መብት አገኘ። ዛሬ በብዛት የሚሸጠው ድርብ መስታወት ቱቦ ያለው፣ በሁለቱ መስታወቶች መካከል አየር የሌለው የቻይና ሥሪት ነው።

መጠንና ክብደት

አራት ሰው ላለበት ቤት 150 ሊትር ይበቃል። ይህን ውሃ ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ 1,500 ዋት ቦይለር ለዚህ አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይሠራል። ውፍረቱ 58 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 1.8 ሜትር የሆነ 20 ቱቦ በጠራ ቀን ይህን ሥራ ይወጣል። ገቢው ውሃ ለዘብ በሚልበት ኮምቦልቻ ያው 20 ቱቦ 180 ሊትር ይችላል። ሻጭ «20 ቱቦ ለ200 ሊትር» ሲል ደሴ ላይ ለብ ያለ ውሃ ብቻ እንደሚገኝ ማወቅ ይገባል።

ቱቦዎቹ ራሳቸው ከ50 ሊትር በላይ ስለሚይዙ መሣሪያው ሲሞላ ከ250 ኪሎ አያንስም። ሶሌታ ላይ ማስቀመጥ ቀላል ነው። የባሕር ዛፍ ማገር ያለው የቆርቆሮ ጣሪያ ግን ይህን ክብደት አይችልም፤ ቤቱ የጭቃ ከሆነ የአንግል ብረት መቆሚያ ከመሬት ለብቻው ይነሣ። ቆርቆሮ የሚበሳበት ብሎን ሁሉ የጎማ ሮንዴላ ይፈልጋል፤ ቀዳዳው በማዕበሉ ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይደረግም።

አተካከል

ቱቦዎቹ ወደ ደቡብ ይዞራሉ። አብሮ የሚመጣው መቆሚያ ብዙ ጊዜ 45 ዲግሪ ገደማ የተዘጋጀ ነው፤ ይህ ለሰሜን አገሮች እንጂ 11 ዲግሪ ላይ ላሉት ለሁለቱ ከተሞቻችን በጣም የቆመ ነው። ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ይሻላል፤ ከዚያ በታች ከተኛ ግን ሙቁ ውሃ ከቱቦዎቹ በላይ ወዳለው ታንከር በደንብ አይወጣም። ከጦሳ ሥር ባሉ ሰፈሮች ፀሐይ ቶሎ ስለምትጠልቅ ለእነዚህ ቤቶች ትንሽ ወደ ምሥራቅ ማዘንበል ይጠቅማል የሚሉ ቴክኒሻኖች አሉ።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የውሃው አገባብ ነው። ግፊት የማይችል ታንከር ከመንገድ የውሃ መስመር ጋር በቀጥታ ከተገናኘ ሆዱ ያብጣል፣ ስፌቱ ይፈነዳል። ውሃው ከሮቶ ወርዶ፣ ባለተንሳፋፊ ቫልቭ ያላት ትንሽ ረዳት ታንከር ውስጥ ገብቶ ከዚያ ይለፍ። የሮቶው ግርጌ ከረዳት ታንከሩ ከፍ ማለት አለበት። የመተንፈሻ ቱቦው ፈጽሞ አይዘጋ፤ ከተዘጋ፣ ሙቅ ውሃ ሲቀዳ ታንከሩ ወደ ውስጥ ይጨመደዳል። የታንከሩ ውሃ ደሴ ላይ እስከሚፈላበት 92 ዲግሪ ገደማ ሊግል ስለሚችል ከታንከሩ የሚወጣው የመጀመሪያ ሜትር ጋልቫናይዝድ ብረት ይሁን፤ ከዚያ ወዲያ ቀይ መስመር ያለው የሙቅ ውሃ ፒፒአር (የፕላስቲክ ቧንቧ) ይቀጥላል። ሰማያዊ መስመር ያለውን እዚህ ማስገባት በጥቂት ጊዜ ውስጥ መገጣጠሚያውን ያስለቅቃል። መስመሩ መሀል ላይ ወጥቶ የሚወርድ ከሆነ አየር ይቆለፍበታል፣ ሻወሩም ይንተፋተፋል።

ቱቦ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። የታንከሩ የሲሊኮን ቀለበት በሳሙና ውሃ ይታጠብና ቱቦው በቀስታ እየተሽከረከረ ይገፋል፤ በደረቁ መግፋት ቀለበቱን ይገለብጠዋል፣ ታንከሩም ያንጠባጥባል።

ብልሽት

ዋናው ጠላት የውሃ መቋረጥ ነው። ባዶ ቱቦ በቀትር ውስጡ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል። ውሃ ድንገት መጥቶ ቀዝቃዛው ሲገባ መስታወቱ «ጧ» ብሎ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ታንከሩ ባዶ ሆኖ ያረፈደ ከሆነ መግቢያው ይዘጋና ከምሽት በኋላ ወይም ጎሕ ሳይቀድ ይሞላ። በቀን መሙላት የግድ ከሆነ ቱቦዎቹ በወፍራም ብርድ ልብስ ተሸፍነው ረጅም ሰዓት ይቆዩ። 1,000 ሊትር ሮቶ ያለው ቤት ይህን ጣጣ አብዛኛውን ጊዜ አያየውም።

የቱቦውን ጤንነት ለማወቅ የታችኛውን ጫፍ ማየት ነው። እንደ መስታወት የሚያብረቀርቅ ብርማ ቀለም ካለው ደህና ነው፤ ወተት መስሎ ከነጣ አየር ገብቶታልና ይቀየር።

በሐምሌና በነሐሴ ጉም ደሴን ሲውጣት ፀሐይ ብቻ አትበቃም፤ ታንከሩ ውስጥ የሚገባ 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያስፈልጋል። መሬት መስመር ሳይዘረጋለት፣ ታንከሩም መሙላቱ ሳይረጋገጥ አይበራ። ማንቆርቆሪያው ነጭ ቅርፊት በሚያበቅልበት ሰፈር ቱቦዎቹ በየዓመቱ ይታጠቡ፤ ዝገት እንዲበላው ታንከሩ ውስጥ የሚቀመጠው የማግኒዚየም ዘንግ ቀጥኖ ሽቦው ከታየ ይተካ።