አቧራ ሐሜጽ አይደለም፦ ስለ ፔሳሕ ዝግጅት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ለፔሳሕ ተዘጋጅቻለሁ፤ ቤቱን አጽድቼ ጨርሻለሁ።» ፔሳሕ፣ የአይሁድ ፋሲካ፣ የሚውልበት የኒሳን ወር በቀረበ ቁጥር ይህን መስማት ሰልችቶኛል። አቧራ ሐሜጽ አይደለም! በፔሳሕ የማይበላውና ከቤት የሚወጣው ሐሜጽ ማለት ስንዴን ገብስን ከመሰለ እህል ተሠርቶ ኩፍ ያለ ነገር ነው። መጋረጃ ማጠብ ትእዛዝ አይደለም። የማስተምራት አንዲት እናት ስትፈትግና ስታጥብ ሰንብታ፣ በመሀሉ ከምራቷ ጋር ተኳርፋ፣ በሴዴሩ፣ በበዓሉ መጀመሪያ ማታ ማዕድ፣ ሐጋዳው (ከግብፅ የመውጣት ታሪክ የሚነበብበት መጽሐፍ) ሳይጋመስ ገበታው ላይ እንቅልፍ ጣላት። ይህ ዝግጅት ነው?

የሐሲድ፣ የአይሁድ መንፈሳዊ እንቅስቃሴ፣ መምህራን የሚያስተምሩት እንዲህ ነው። ማጻም (ያልቦካው ቂጣ) ሐሜጽም ዱቄትና ውሃ ናቸው። ማጻው ውሃ ከነካው 18 ደቂቃ ሳይሞላ ይጋገራል፤ ያኛው ተትቶ ይነፋል። ያ መነፋት ትዕቢት ነው፤ «እኔ» ማለት። በኒሳን 14 ዋዜማ ማታ ሻማ፣ ላባና የእንጨት ማንኪያ ይዘን ጥጋጥጉን ስንፈትሽ፣ ምሳሌ 20፥27 «የሰው መንፈስ የእግዚአብሔር መብራት ነው» ያለውን አስቡ፤ በዚያው ብርሃን ልባችንንም እንፈትሻለን። ቁጣ የትዕቢት ልጅ ነው። በጽዳት ሰበብ ምራቷን ያስቀየመች ሴት ፍርፋሪ ስታወጣ ሌላ ሐሜጽ አስገብታለች። እህቶቼ፣ ወጥ ቤቱን፣ የልጆቹን ቦርሳና ኪስ ፈትሹ፤ መስኮቱ ይቆያችሁ። ያኮረፋችሁት ሰው ካለ ከፍተሻው ማታ በፊት ደውሉለት።

«ዋናው ልብ ከሆነ ዳቦው ምን ችግር አለው?» ሐሲዶች እንዲህ ብለው አያውቁም። ብዙዎቹ በበዓሉ፣ እንዳይቦካ ብለው፣ ማጻቸውን ሾርባ ውስጥ እንኳ አይነክሩም።

«እርሾ ሁልጊዜ ክፉ ነው» የሚሉም አሉ። ከፔሳሕ ሰባት ሳምንት በኋላ በሚውለው በሻቩዖት በዓል በቤተ መቅደስ የሚቀርቡት ሁለት እንጀራዎች በእርሾ የተጋገሩ ነበሩ (ዘሌዋውያን 23፥17)። መጀመሪያ ዝቅ ማለትን የተማረ ሰው፣ በኋላ ዕውቀቱና ኃይሉ አያስታብየውም።

«ከግብፅ መውጣት ድሮ የሆነ ታሪክ ነው።» ሚሽና፣ የጥንት ረቢዎች የሕግ መጽሐፍ፣ በየትውልዱ ሰው እሱ ራሱ ከግብፅ እንደወጣ አድርጎ ራሱን ይመልከት ይላል፤ በ1796 የታተመው የሐሲዱ መምህር የረቢ ሽኔዑር ዛልማን መጽሐፍ ታንያ ደግሞ በምዕራፍ 47 «በየቀኑም» ብሎ ይጨምርበታል። ከኢትዮጵያ በሱዳን በኩል በእግራቸው ለወጡ ወላጆቻችን የሚሽናውን ቃል ማንም ሊያስረዳቸው አያስፈልግም። የየቀኑ መውጣት ግን ለእነሱም ለእኛም ገና ሥራ ነው፤ ነፍስ ከሥጋ ፍላጎት እስር መውጣቷ ነው።

ሴዴሩ ካለፈ ፔሳሕ ያለቀ የሚመስላቸውም ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ማታ ያለፈው ነፃነት ነው፤ የመጨረሻው ቀን የሚመጣው ቤዛነት ነው። የሐሲዶች እንቅስቃሴ መሥራች ባዓል ሼም ቶቭ በዚያ ቀን ወደ ማታ የመሲሑን ማዕድ ይበላ ነበር፤ በ1906 በሐሲዶቹ ከተማ ሉባቪች አራት ጽዋ ወይን ተጨመረበት። እዚህ እስራኤል ውስጥ ማዕዱ በሰባተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይጀመራል። ለዚያ ሰዓት ማጻ አስተርፉ፣ ልጆቹንም ቀስቅሳችሁ አስቀምጧቸው።