ለልብ የሚስማማ ጥብስ፦ በሐዋሳ ማድ ቤቶች የሚሰሙ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አባቴ የደም ግፊት እንዳለበት ከተነገረው ወዲህ በሐዋሳ ቤታችን ጥብስ ማለት ካሮት፣ ፎሶልያ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያና ጥቂት አሳ በኃይለኛ እሳት ላይ ለአጭር ጊዜ እየተማሰለ የሚበስል ምግብ ሆኗል። ዘመድ ጎረቤቱ በቅን ልቦና ብዙ መክሮናል፤ ከምክሮቹ አንዳንዶቹ ግን ልብን የሚጎዱ ስለሆኑ እዚህ ላነሣቸው ወድጃለሁ።

«ጀሪካኑ ላይ ኮሌስትሮል የለውም ተብሎ ከተጻፈ ዘይቱ ለልብ ደህና ነው።»

ኮሌስትሮል በዋናነት የሚገኘው ከእንስሳት በሚገኝ ምግብ ውስጥ በመሆኑ ይህ ጽሑፍ በማንኛውም የአትክልት ዘይት ላይ ሊለጠፍ ይችላል። በደማችን ውስጥ ያለውን ጎጂ ኮሌስትሮል ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው የስብ ዓይነት ሲሆን፣ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ይኸው ስብ ነው፤ በሱፍ ዘይት ውስጥ ግን ከአሥር አንድ እጅ ገደማ ብቻ ነው። የኑግ ዘይትም ከሱፉ ጋር ይመደባል። ፓልሙን ሲረጋ አይተን እንለየዋለን የሚሉ አሉ፤ ይሁን እንጂ በሐዋሳ የቀን ሙቀት እርሱም ፈሳሽ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል የሚሻለው ከምን እንደተሠራ አንብቦ መግዛት ነው።

«የጾም ምግብ ልብን አይጎዳም።»

ቅቤና ሥጋ መቅረታቸው በእርግጥ ይጠቅማል። ሆኖም አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ያህል ስላለው፣ በጾም ቀን ሳይለካ የሚንቆረቆረው ዘይት ጥቅሙን ይሸረሽረዋል። ለአራት ሰው ጥብስ ሁለት ማንኪያ ይበቃል።

«ሶያ ሶስ ወይም የሾርባ ኩብ ከገባ ጨው አልበዛም።»

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ጨው በመቀነስ ላይ ያለው ሰው ሳያውቀው መልሶ የሚጨምረው በዚህ መንገድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በአንድ የሾርባ ማንኪያ የተለመደ ሶያ ሶስ ውስጥ ከ2 ግራም የሚበልጥ ጨው ይገኛል፤ የሾርባ ኩብም ቢሆን ትልቁ ድርሻው ጨው ነው። እኛ ለሙሉ መጥበሻ አንድ የሻይ ማንኪያ ሶያ ሶስ ብቻ እናደርግና ሌላ ጨው አንጨምርም። የተከተፈ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል መዓዛውን ይሰጣሉ፤ ከእሳት ከወረደ በኋላ የሚጨመቅበት ሎሚ ደግሞ ጨው ያነሰ መሆኑን ምላስ እንዳያውቅ ያደርጋል።

«አሳ እስከሆነ ድረስ አጠባበሱ ለውጥ የለውም።»

ከአሞራ ገደል የአሳ ገበያ የሚገዛው ቆሮሶ የተባለው አሳ ስቡ ጥቂት ነው፤ በጮማ ሥጋ ምትክ ሲበላ ይጠቅማል። ነገር ግን ደጋግሞ በተሞቀ ዘይት ውስጥ ተነክሮ ሲጠበስ ይህ ጥቅሙ ይቀንሳል። አጥንቱ የወጣለትን አሳ ጣት በሚያህል መጠን ቆርጦ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ፣ አስቀድሞ ለብቻው በጥቂት ዘይት ማብሰልና ማውጣት፣ እንዳይፈረካከስም በመጨረሻ ወደ አትክልቱ መመለስ ይሻላል።

«ዘይቱ ካልበዛ ታች ይይዛል።»

አትክልት መጥበሻውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ መጥበሻው በደንብ ሳይግል ስለሚገባ ነው፤ እርጥብ ሆኖ ወይም ተጨናንቆ ሲገባ ደግሞ ውኃውን እየለቀቀ መቀቀል ይጀምራል። ስለዚህ ታጥቦ ውኃው በሚገባ ይንጠፍጠፍ፣ በቀጭኑ እኩል ይከተፍ፣ ጠብ የተደረገ ውኃ ጭስ ብሎ እስኪጠፋ ድረስም መጥበሻው ይጋል። ዘይቱ ከገባ በኋላ መጨስ ሳይጀምር ካሮቱና ፎሶልያው ይቀድማሉ፣ ጎመኑ ይከተላል፣ ቃሪያው መጨረሻ ላይ ይገባል፤ ብዙ ከሆነ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይጠበሳል። በመካከሉ ደረቅ ሲል እጅ ወደ ዘይቱ ጀሪካን ይሮጣል፤ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ ማድረግ ግን ያንኑ ሥራ ይሠራል።