ብጉር ምንድን ነው? በእጥበትስ ለምን አይለቅም?

ሀዋሳ ውስጥ ፋርማሲ ነው የምሠራው። ባለፈው አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው መጡ። ልጅቷ ነጠላዋን እስከ ጉንጯ ስባ ተከናንባለች። "በቀን አራት ጊዜ በሳሙና ትታጠባለች፤ ጭራሽ ባሰባት" አሉ እናትየው። ቀጠሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ስታገባ ይጠፋል ይሉኛል፤ እውነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ፊቷ ላይ የወጣው ሳያንሳት፣ በቆሻሻነትም በፍላጎትም ትጠረጠራለች።

ብጉር የሚጀምረው ከቆዳ በታች ነው። ፊታችን፣ ደረታችንና ጀርባችን ጸጉር በሚበቅልባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ ከቀዳዳዎቹ ጋር ደግሞ ወዝ የሚያመነጩ እጢዎች ተያይዘዋል። ወዝ ጠላት አይደለም፤ ቆዳን ከድርቀት ይጠብቃል፣ "ፊቷ ወዝ አለው" የምንለውም ለምስጋና ነው። ጉርምስና ሲመጣ ግን አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች፣ በወንዱም በሴቷም ሰውነት ውስጥ ያሉ ናቸው፣ እጢዎቹን ያነቃቋቸዋል። ወዙ ይበዛል። ተራግፈው መውጣት የነበረባቸው የሞቱ ህዋሳት ከወዙ ጋር ተጣብቀው ቀዳዳውን ይደፍኑታል። ኩቲባክቴሪየም አክኔስ የሚባል፣ በጤነኛ ሰው ቆዳም ላይ የሚኖር ባክቴሪያ በተጠራቀመው ወዝ ውስጥ ይራባል። ሰውነት ይቆጣል፤ ያብጣል፣ ያማል፣ መግል ይቋጥራል። ከመጀመሪያው መደፈን ብጉሩ በዓይን እስኪታይ ድረስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት መስታወት ላይ ያያችሁትን ብጉር ትናንት ማታ በበላችሁት ለውዝ አታሳብቡት። ምግብ ምንም ድርሻ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ስኳር የበዛበት አመጋገብና ወተት አንዳንድ ሰው ላይ ሊያባብሱት እንደሚችሉ የሚጠቁሙ ጥናቶች አሉ፤ በለውዝ ላይ ግን ይህን ያህል ማስረጃ አላየሁም። ጋብቻም አይፈውሰውም። ብዙ ሰው የሚያገባበት ዕድሜና ብጉር በተፈጥሮው የሚቀንስበት ዕድሜ ስለሚቀራረቡ ነው እንዲያ የሚመስለው። ሠላሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጆች የወለዱ ሴቶችም ለብጉር መድኃኒት ይመጡብኛል።

አፍንጫ ላይ የሚታዩት ጥቋቁር ነጥቦችም ቆሻሻ አይደሉም። አፉ ክፍት በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ወዝና የቆዳው ቀለም አየር ሲያገኛቸው ይጠቁራሉ። በሻካራ ጨርቅ ቢፈትጓቸው ቆዳው ይቆስላል እንጂ አይለቁም። የልብስና የገላ ሳሙና አሲዳማ ለሆነው የፊት ቆዳ ይከብደዋል፤ ያደርቀዋል፣ ያስቆጣዋል። ጠዋትና ማታ በለስላሳ የፊት መታጠቢያ መታጠብ ይበቃል። ኳስ ተጫውቶ ወይም ታቦር ተራራ ወጥቶ ላብ ያጠመቀው ሰው አንዴ ይጨምር።

ግንባርና የጸጉር ዳር ላይ ብቻ የሚደረደር ብጉር ሳይ የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ጸጉርሽን ምን ትቀቢያለሽ? ቅቤ፣ ቫዝሊንና የጸጉር ቅባት በሙቀት ቀልጠው ወደ ግንባር ሲወርዱ ቀዳዳ ይደፍናሉ። የዚያች ልጅ አንዱ ችግር ይሄው ነበር። እናትየው "ታዲያ ቅቤውን ልተውላት?" አሉኝ። ጸጉሯን ይቀቧት፣ ግንባሯን ግን ይጠብቁላት አልኳቸው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ በየሱቁ ያለ ስያሜ በትንሽ ዕቃ የሚሸጠው ቅልቅል ክሬም ነው። እንዲህ ያለው ክሬም ብዙ ጊዜ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን ያለ ጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳን ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት፣ ይገባበታል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ፊት ይፈካል፤ ልጅቷም ለጓደኞቿ ታወራለች። በወራት ውስጥ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ስሮች ጎልተው ይታያሉ፣ አገጭና ጉንጭ ላይ ጸጉር ይበቅላል፣ መልካቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ጥቃቅን ብጉሮች ይፈሳሉ። ስታቆመው ፊቷ እንደ እሳት ይነድዳል፤ ስለዚህ ተመልሳ ትገዛዋለች። እዚህ የገባ ሰው ብቻውን ባይታገል ይሻላል፤ የቆዳ ሐኪም ጋ ይሂድ። ሎሚም ቀላል አይደለም፤ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል።

ጠይምና ጥቁር ቆዳ ላይ ብጉሩ ከጠፋ በኋላም ጥቁር ምልክቱ ለወራት ይቆያል። የሚበዛው የመጠቆር ምልክት እንጂ ጠባሳ አይደለም፤ በጊዜ ይደበዝዛል። ማፍረጥ ግን ምልክቱንም ያጠቁረዋል፣ እውነተኛ ጠባሳም ይተዋል። ፀሐይም ያጠቁረዋል። ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ በሚገኘው ሀዋሳ ደግሞ ፀሐዩ ቀላል አይደለም። ቅባት የሌለው ሰን ስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ክሬም) ቢገኝ ጥሩ፤ ካልተገኘ ጃንጥላና ሰፊ ኮፍያ።

የሚሠራ መድኃኒት አለ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ የሚባለውን የሚቀባ መድኃኒት በ2.5 በመቶ ጀምሩ፤ 10 በመቶው የሚበልጠው በማቃጠል ነው። የትራስ ልብስንና የነጠላ ጥለትን ስለሚያነጣ ሳይደርቅ አትተኙ። አዳፓሊን ማታ ማታ በስሱ ይቀባል፤ ነፍሰ ጡር አትጠቀመውም። ሁለቱም ለውጥ ለማሳየት ከ8 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋሉ፤ መጀመሪያ ላይ ቆዳ ማድረቃቸውም የሚጠበቅ ነው። በሁለተኛው ሳምንት "አልሠራም" ብሎ የጣለው ሰው ብዙ ነው።

ብጉሩ ጠልቆ የሚያምና ጠባሳ የሚተው ከሆነ፣ ወይም ሴቷ የወር አበባዋ ተዛብቶ ፊቷ ላይ ጸጉር ከበዛ ሐኪም ይያት። ለከባዱ ዓይነት አይሶትሬቲኖይን የሚባል እንክብል አለ። ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ያለ ሐኪም ትእዛዝና ያለ እርግዝና ምርመራ አይጀመርም፤ ጓደኛ ለጓደኛ የሚያካፍለው መድኃኒት አይደለም።