ሮበርት ጆንሰን ነፍሱን አልሸጠም፤ ተለማመደ

በየዓመቱ ኦገስት 16 ሲደርስ ያው ወሬ ይመለሳል። የብሉዝ (የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ) ጊታር ተጫዋቹ ሮበርት ጆንሰን በ1938፣ ዘፋኞቹ ኤልቪስ ፕሪስሊ በ1977፣ አሬታ ፍራንክሊን በ2018 ያረፉት በዚሁ ዕለት ነውና (ቀኑም ዓመቶቹም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ጊታር ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የሚከተሉትን ከተማሪ አፍ ያልሰማሁበት ዓመት የለም።

«ቀኑ የተረገመ ነው።» አይደለም። ማዶና በ1958 የተወለደችውም በዚሁ ቀን ነው። ዓመቱ 365 ቀን፣ ዝነኛ ሙዚቀኛው በሺህ የሚቆጠር ነው፤ የትኛውንም ቀን ብትፈትሹ ልደትም ሞትም አታጡም።

«ማዶና የመድረክ ስም ነው።» እናቷም ማዶና ነበሩ። የልደት ስሟ ነው።

«ኤልቪስ ከአሜሪካ ውጭ ዘፍኖ አያውቅም።» በ1957 ካናዳ ውስጥ ዘፍኗል።

«‹ሪስፔክት› (ክብር) የተባለው ዘፈን የአሬታ ድርሰት ነው።» ደርሶ በ1965 ያስቀረጸው ኦቲስ ሬዲንግ ነው። አሬታ በ1967 ስትዘፍነው ክብር የምትጠይቀው ሴቷ ሆነች፤ ቃሉን ፊደል በፊደል እየቆጠሩ መጥራትንም የጨመረችው እሷ ናት። ደራሲ አለመሆኗ አንዲት ጠብታ አይቀንስባትም።

እስከዚህ ድረስ በትዕግሥት አርማለሁ። የሚያንገበግበኝ ግን «ሮበርት ጆንሰን መንታ መንገድ ላይ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጦ ጊታር ቻለ» የሚለው ነው።

መንታ መንገድ ላይ ነፍሴን ሸጥኩ የሚለው ታሪክ ቀድሞ የተወራው ስለ ቶሚ ጆንሰን ነው፤ ሌላ የብሉዝ ሰው፣ በስም ብቻ የሚመሳሰል። ሮበርት በ1936 የቀረጸው የመንታ መንገድ ዘፈንም ሰይጣንን አይጠራም። ሰውዬው ተንበርክኮ ፈጣሪን ማረኝ ይላል፤ መኪና ያስቆማል፤ የሚያሳፍረው ያጣል። ሰይጣን የተጠራበት ሌላ ዘፈን አለው፤ እዚያም ውስጥ ሽያጭ የለም።

እውነቱ ይኸውና። ሰን ሃውስ የተባለው አንጋፋ የብሉዝ ተጫዋች፣ ወጣቱ ሮበርት ጊታር ሲያነሳ አድማጭ ይማረር እንደነበር ተናግሯል። ልጁ ከአካባቢው ጠፋ። በሚሲሲፒ አይክ ዚመርማን የተባለ ሰው ዘንድ ተጠግቶ ተማረ፤ ሁለቱ ማታ ማታ መቃብር ቦታ ይለማመዱ ነበር። እዚያ ጩኸት በዛብኝ ብሎ የሚያማርር የለማ! ተመልሶ ሲጫወት ሰን ሃውስ ደነገጠ። ኋላ የሮሊንግ ስቶንስ ባንድ ጊታሪስት ኪዝ ሪቻርድስ የሮበርትን ቅጂ ሲሰማ «አብሮት የሚጫወተው ማነው?» ብሎ ጠይቋል። ማንም አልነበረም። አውራ ጣቱ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ የፒያኖን ግራ እጅ ሥራ ይዞ ይሄዳል፤ ሌሎቹ ጣቶች ከላይ ዜማውን ይመልሳሉ።

አንድ ተማሪ ነበረኝ፤ ጣቱ ፈጣን፣ ጆሮው ንቁ። በሦስተኛው ሳምንት «እኔ ተሰጥኦው የለኝም» ብሎ ጊታሩን ሸጠ። ለማስረጃ የጠቀሰልኝ ይህንኑ የሰይጣን ተረት ነው። እስካሁን ይቆጨኛል።

ስለዚህ ጀማሪ ከሆናችሁ ዜማውን ለጊዜው ተዉት። አውራ ጣታችሁን ብቻ አሠሩ፤ አንድ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይዛችሁ፣ ከቁጥር ሳይዛነፍ፣ በጣም በዝግታ። እያወራችሁ እንኳ ሳይቆም መምታት ሲጀምር አንድ ጣት ጨምሩ፤ ከተደናቀፈ ጣቱን አንሥታችሁ ወደ አውራ ጣት ብቻ ተመለሱ። ፍጥነት እስክትጨምሩ ሳምንታት ይፈጃል። ጎረቤት ካማረረ ደግሞ ሰው የማይረበሽበት ቦታ ፈልጉ።