ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ ኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ፦ የአሜሪካው የትራንስፈር መንገድ

አሜሪካ ውስጥ የባችለር ዲግሪ በአብዛኛው 120 ክሬዲት ነው። ከዚህ ውስጥ 60 ያህሉን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (በየአካባቢው ያለ የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ተምሮ ቀሪውን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ መጨረስ ይቻላል። ይህ ትራንስፈር ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍያ በብዙ ይቀንሳል። ከባድ የመግቢያ ውድድር የለም፤ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ይመዘገባል። የማታ ክፍል ስላለ ቀን ሥራ ውሎ መማርም ይቻላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ከመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ሁሉ ቀዳሚው ጆሊየት ጁኒየር ኮሌጅ በ1901 (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ኢሊኖይ ውስጥ ሲከፈት ዓላማው ይኸው ነበር፤ ተማሪው ከሰፈሩ ሳይርቅ የዩኒቨርሲቲውን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት እንዲማር። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1960 ባወጣችው የከፍተኛ ትምህርት ዕቅድ ትራንስፈርን የሥርዓቱ ምሰሶ አደረገችው። ዛሬ እዚያ 116 ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች አሉ። በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ለሚኖረው ሐበሻ ቅርብ ከሆኑት ግን ሁለቱን እንጥቀስ። በቨርጂኒያ በኩል ሁሉም ሰው «ኖቫ» የሚለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አለ። በሜሪላንድ በኩል ሞንትጎመሪ ኮሌጅ አለ። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅን ዝቅ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ፣ ጂል ባይደን ባለቤታቸው ምክትል ፕሬዚዳንት ከዚያም ፕሬዚዳንት በነበሩበት ጊዜ እንግሊዝኛ ያስተምሩ የነበረው ኖቫ መሆኑን ይወቅ።

መንገዱ ጥሩ ነው። ግን ብዙ ሰው መሃል ላይ ይቀራል። በመላ አገሪቱ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከሚገቡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ባችለር ዲግሪ እንፈልጋለን ይላሉ። በ2024 የወጣ ጥናት እንዳሳየው ግን ዩኒቨርሲቲ የሚዘዋወሩት ሲሶ ያህል ናቸው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ባችለሩን የሚይዙት ደግሞ 16 በመቶ ገደማ። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም። ሥራ አለ፣ ልጅ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ አለ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የሚያናድደው በኮርስ ምርጫ የሚባክነው ጊዜ ነው፤ እሱ ሊቀር የሚችል ነውና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሬዲት «ተቀባይነት አገኘ» ማለትና «ለዲግሪው ተቆጠረ» ማለት ይለያያል። ዩኒቨርሲቲው 60ውንም ክሬዲት ሊቀበል ይችላል። ከዚያ ውስጥ 20ው «ኢሌክቲቭ» (ለዋናው ትምህርት የማይቆጠር የምርጫ ኮርስ) ተብሎ ከተመዘገበ ግን ተማሪው ሦስተኛ ዓመት ሳይሆን ሁለተኛ ዓመት ላይ ነው ያለው። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ጊዜውም ሄዷል። የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት ወደ ሌላ የተዘዋወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ከመንግሥት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ኪሳራው ያንሳል፤ ግን አለ።

ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ይህ ወጥመድ የት እንደሚገኝ ከቨርጂኒያ የኮርስ ዝርዝር ማየት ይቻላል። ኤምቲኤች (የሒሳብ ኮርሶች መለያ) 261 እና ኤምቲኤች 263 ሁለቱም ካልኩለስ ናቸው። 261 ለቢዝነስና ለመሳሰሉት የተዘጋጀ አፕላይድ ካልኩለስ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚፈልገው 263ን ነው፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው 264ም የሚያያዘው ከ263 ጋር ነው። ፊዚክስም እንደዚያው። ፒኤችዋይ 201 በአልጀብራ የሚሰጥ ሲሆን 241 በካልኩለስ ነው። ፊዚክስ የሚጠይቁ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮግራሞች ብዙውን ጊዜ ሁለተኛውን ነው የሚሹት። 261 ይቀላል ሲባል ሰምቶ የተመዘገበ ተማሪ «ኤ» ቢያገኝም አንድ ሴሚስተር ወደ ኋላ ቀርቷል።

የምረቃውን ቀን የሚወስነው ብዙ ጊዜ ፕሮግራሚንጉ ሳይሆን ሒሳቡ ነው። ካልኩለስ አንድ፣ ካልኩለስ ሁለት፣ ሊኒየር አልጀብራ፣ ዲስክሪት ማትስ፤ እነዚህ በአብዛኛው አንዱ ሌላውን እየተከተለ ነው የሚወሰዱት። ካልኩለስ አንድን ያላለፈ ካልኩለስ ሁለት አይገባም። ስለዚህ ምደባው ላይ ፕሪካልኩለስ የደረሰው ተማሪ ሁለት ዓመት ያለው ይመስለዋል እንጂ ሁለት ዓመት ተኩል ሊያስፈልገው ይችላል፤ ወይም በጋውን (ሰመሩን) መማር አለበት። ፕሮግራሚንጉም የራሱ ሰንሰለት አለው። መግቢያ ኮርስ፣ ኦብጀክት ኦሪየንትድ፣ ዳታ ስትራክቸርስ። እዚህ ላይ ቋንቋውን ማየት ይበጃል። ኮሌጁ ሲ ፕላስ ፕላስ አስተምሮ ዩኒቨርሲቲው ቀጣዩን ኮርስ በጃቫ የሚጀምር ከሆነ፣ ክሬዲቱ ቢቆጠርም ተማሪው ሴሚስተሩን የሚጀምረው ቋንቋ ለመያዝ እየሮጠ ነው።

በእኔ እምነት መጀመሪያ የሚመረጠው ኮርስ ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ ነው። መድረሻው ሲታወቅ እያንዳንዱ ኮርስ እዚያ ምን ተብሎ እንደሚቆጠር በነፃ ማየት ይቻላል። ካሊፎርኒያ «አሲስት» የሚባል ድረ ገጽ አላት። ሜሪላንድ «አርትሲስ»፣ ቨርጂኒያ ደግሞ «ትራንስፈር ቨርጂኒያ» አላቸው። የኮሌጅ አድቫይዘር መልካም ሰው ሊሆን ይችላል፤ ግን በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ያለበት ቦታ ነው። ከእሱ የሰሙትን እዚያ ድረ ገጽ ላይ ማረጋገጥ፣ ከተቻለ ደግሞ የዩኒቨርሲቲውን የትራንስፈር ቢሮ በኢሜይል ጠይቆ መልሱን ማስቀመጥ ነው።

ሌላው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት፣ ዩኒቨርሲቲ መግባትና ኮምፒውተር ሳይንስ መግባት አንድ አለመሆናቸው ነው። ፈላጊው ስለበዛ ዲፓርትመንቶች በራቸውን አጥብበዋል። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ኮምፒውተር ሳይንስን የተማሪ ቁጥሩ የተገደበ ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) አድርጎታል፤ ዩኒቨርሲቲው የተቀበለውን ሁሉ ዲፓርትመንቱ አይቀበልም። ካሊፎርኒያም ውስጥ እንዲሁ ነው። ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶች ስድስቱ፣ ዴቪስ፣ ኧርቫይን፣ መርሴድ፣ ሪቨርሳይድ፣ ሳንታ ባርባራና ሳንታ ክሩዝ፣ መስፈርቱን ላሟላ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ የመግቢያ ዋስትና ይሰጣሉ። በርክሌይ፣ ዩሲኤልኤ (የሎስ አንጀለሱ ካምፓስ) እና ሳን ዲዬጎ አይሰጡም። ዋስትና ከሚሰጡትም ውስጥ ኮምፒውተር ሳይንስን ከዋስትናው የሚያወጡ አሉ፤ ዝርዝሩ በየዓመቱ ስለሚታደስ የዘንድሮውን ማየት ግድ ነው። የዋስትናው ማመልከቻ የሚገባው በመስከረም መጀመሪያ ሳይሆን በሴፕቴምበር ወር ውስጥ መሆኑንም ልብ ይሏል፤ የፈረንጁን ካላንደር ነው የሚከተሉት።

ኖቫ ለሚማር ሰው በጣም የተመቻቸው መንገድ «አድቫንስ» ይባላል። በ2018 የተጀመረ የኖቫና የጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ የጋራ ፕሮግራም ነው። ተማሪው ገና ኖቫ ሳለ ለሜሰን ዲግሪ የሚቆጠሩት ኮርሶች ተለይተው ይነገሩታል፣ የሚያማክረው ሰው ይመደብለታል፣ ሲዘዋወርም አዲስ ማመልከቻ አይሞላም። ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚያስብ ተማሪ ከመጀመሪያው ሴሚስተር በፊት መጠየቅ ያለበት ፕሮግራም ይመስለኛል።

ስለ ገንዘብ። በዲቪም ሆነ በቤተሰብ ግሪን ካርድ ይዞ የመጣ ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ሞልቶ የፌዴራል እርዳታ መጠየቅ ይችላል። ጥገኝነት ጠይቆ ውሳኔ የሚጠብቅ ሰው ግን አያገኝም። ፔል ግራንት የማይመለስ ገንዘብ ነው፤ በ2024-25 ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። በዕድሜ ልክ የሚሰጠው ግን ለ12 ሙሉ ሴሚስተር ያህል ብቻ ነው። የማይቆጠሩ ኮርሶች ይህንንም ይበሉታል። ቨርጂኒያ የነዋሪ ክፍያ ለመክፈል ቢያንስ አንድ ዓመት በቋሚነት መኖር ትጠይቃለች።

አገር ቤት ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ ወይም ጨርሶ የመጣ ሰው ከዜሮ መነሳት የለበትም። ትራንስክሪፕቱን በኮርስ ደረጃ የሚገመግሙ ድርጅቶች አሉ፤ «ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ» አንዱ ነው። ሒሳብና ፊዚክስ የመቆጠር ዕድላቸው ጥሩ ነው፤ ለፕሮግራሚንግ ኮርስ ብዙ ጊዜ ሲላበስ ይጠየቃል። ከአገር ሳይወጡ ከሬጅስትራር ማኅተም ያለበት ትራንስክሪፕትና የኮርስ መግለጫ መያዝ፣ ኋላ ዘመድ ከማስቸገር ያድናል።

ከዝውውሩ በኋላ የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤት ማሽቆልቆሉ የተለመደ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች የመዘገቡት ነገር ነው፤ ብዙዎቹም ኋላ ያገግማሉ። የኮሌጁ ክሬዲት እንጂ ጂፒኤው ብዙ ጊዜ አብሮ ስለማይሻገር አዲሱ ጂፒኤ ከባዶ ይጀምራል። ያን ሴሚስተር ሦስት ከባድ የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርስ መደራረብ ጥሩ አይደለም። ግን በዚያው ሰሞን የሚያጣድፍ ሌላ ጉዳይ አለ። ትልልቅ ኩባንያዎች ለቀጣዩ በጋ ኢንተርንሺፕ ማመልከቻ የሚከፍቱት ከኦገስትና ከሴፕቴምበር ጀምሮ ነው። በሁለት ዓመት ለሚጨርስ ተዘዋዋሪ ተማሪ ከምረቃው በፊት ያለው በጋ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ሬዝዩሜውንና አንድ ሁለት ፕሮጀክቱን አዘጋጅቶ መምጣት ያለበት ገና ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሳለ ነው።