ግራፉ ስለገጠመ ሞዴሉ ልክ ነው?

በቅርቡ አንድ የማስተርስ ተማሪ ላፕቶፑን ታቅፎ ቢሮዬ መጣ። ፊቱ በርቷል። ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመሮች ተደራርበዋል፤ አንዱ ሶፍትዌሩ ያሰላው ሙቀት፣ ሌላው በቴርሞካፕል፣ ማለትም ሙቀት በሚለካ ቀጭን ሽቦ፣ የተለካው። «ገጠመ!» አለኝ። ይህቺን ቃል ስሰማ ራሴን ያመኛል።

ሥራው የአሉሚኒየም የሰበቃ ነጥብ ብየዳ ሲሙሌሽን ነው። ሁለት ላሜራ ይደረባል፤ ጫፉ ላይ ፒን ያለው መሣሪያ እየተሽከረከረ ይወጋዋል፣ ጥቂት ሰከንድ ያሸዋል፣ ይወጣል። ማዝዳ በ2003 እ.ኤ.አ. የአርኤክስ-8ን የኋላ በሮች በዚህ ዘዴ በይዷል።

ቀላል ቀላሎቹን ስህተቶች ቶሎ ልጨርሳቸው።

«አሉሚኒየሙ ቀልጦ ነው የሚጣበቀው።» 6061 የሚባለው ቅይጥ መቅለጥ የሚጀምረው 582 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ብየዳው ከዚያ በታች ያልቃል። ሊጥ ሲታሽ ይላላል እንጂ አይቀልጥም፤ ይኸኛውም እንደዚያው ነው።

«ዙሩን እጥፍ ካደረግን ሙቀቱም እጥፍ ይሆናል።» አይሆንም። ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ሲለሰልስ መሣሪያውን የመያዝ አቅሙ ይወርዳል። ራሱን በራሱ ፍሬን ይይዛል።

«ሜሹ (ሶፍትዌሩ ለስሌት ዕቃውን የሚከፋፍልበት መረብ) በደቀቀ ቁጥር ውጤቱ እውነት ይሆናል።» የተሳሳተው ግምትህ በደንብ ደቅቆ ይሰላል፣ በቃ።

«ጠጣርን እንደ ፈሳሽ ማስላት ማጭበርበር ነው።» አይደለም። በጣም ዝልግልግ ፈሳሽ ነው ብሎ ማስላት ያስኬዳል፤ ዝልግልግነቱ በሙቀቱና በሚታሽበት ፍጥነት እስከተለዋወጠ ድረስ። ግን ፈሳሹ ቦታውን ሁሉ እንዲሞላ አድርገህ ጀምረህ «ብየዳዬ ውስጥ ክፍተት አልተገኘም» ብለህ አትኩራራ። ክፍተት የከለከልከው አንተው ነህ።

ወደ ልጁ ልመለስ።

«የሰበቃ ኮፊሸንቱን፣ መሣሪያውና ላሜራው ምን ያህል እንደሚፋተጉ የሚናገረውን ቁጥር፣ ስንት አደረግከው?»

«በ0.3 ጀመርኩ፣ አልገጠመም። 0.42 ላይ ገጠመ።»

«ከሥር ወዳለው የብረት መደገፊያ የሚሄደውን ሙቀትስ?»

«እሱንም ትንሽ ነካ ነካ አድርጌዋለሁ።»

ይኸው ነው ችግሩ። ሁለት የማይታወቁ ቁጥሮች፣ አንድ መለኪያ። ሰበቃውን ከፍ አድርገህ ወደ መደገፊያው የሚያመልጠውን ሙቀትም ከፍ ብታደርግ ያው መስመር ይወጣልሃል። ሁለቱንም ብትቀንስም ያው። ፒኑ ሥር ያለው ሙቀት ግን ቁጥሮቹን በቀያየርክ ቁጥር የተለያየ ነው፤ አሉሚኒየሙ እንዴት እንደሚፈስ የሚወስነው ደግሞ እሱ ነው። ቴርሞካፕሉን እዚያ መቅበር አይቻልም፤ ፒኑ በጣጥሶት ይሄዳል። ስለዚህ ጥቂት ሚሊሜትር ራቅ ብሎ ይቀመጣል። 6061 ሙቀት የሚያስተላልፍበት መጠን 167 ዋት በሜትር በኬልቪን ነው፤ የተለመደው ብረት 50 አካባቢ። ወሬው እዚያ እስኪደርስ ተድበስብሷል ማለት ነው።

አብዛኛው ሰው ደግሞ ወደ አየር የሚሄደውን ሙቀት በጥንቃቄ ያስገባና የመደገፊያውን በግምት ያልፈዋል። ሙቀቱ በብዛት የሚያመልጠው ግን በመደገፊያውና በመሣሪያው ነው።

ምን ይደረግ? አንድ ቴርሞካፕል መደገፊያው ውስጥ ቅበር። ቶርኩን፣ ማለትም መሣሪያውን የሚያዞረውን የመጠምዘዝ ጉልበት፣ ለካ፤ ቶርክ በማዕዘናዊ ፍጥነት ሲባዛ የገባውን ኃይል ይሰጥሃል። 10 ኒውተን ሜትር በደቂቃ 1500 ዙር ላይ 1.6 ኪሎዋት ገደማ ነው። ሞዴልህ 3 ኪሎዋት ነው ካለህ፣ ግራፉ ቢገጥምም ውሸት ነው። ለፍሰቱ ደግሞ በሁለቱ ላሜራዎች መሀል ስስ የመዳብ ወረቀት አስገባ፤ ከብየዳው በኋላ ቁረጠው፣ የተቆረጠውን ፊት ሞርደህ አለስልሰው፣ መዳቡ የት እንደሄደ እይ። የላሜራዎቹ መጋጠሚያ ፒኑ አጠገብ ወደ ላይ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል። ስንጥቅ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚያ ስለሆነ ሞዴልህ መንጠቆውን ካላሳየህ ስለ ጥንካሬ አታውራ።

ልጁን አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩት። ያስተካከለው በ1500 ዙር ነበር፤ ቁጥሮቹን ሳይነካ በ1000 እንዲያስኬደው። በሁለተኛው ቀን ተመለሰ። ከልኬቱ 60 ዲግሪ ርቋል።

«ታዲያ ከሁለቱ የትኛውን ልቀይር?» አለኝ።

ቶርኩን ለክቶ እንደሆነ ጠየቅሁት። ማሽኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሲመዘግብ ኖሯል፤ ልጁ ፋይሉን ከፍቶት አያውቅም።