ቹፋ፦ የአበቃቀል ሁኔታ በምርቱና በምግብ ይዘቱ ላይ ያለው ድርሻ

በእንግሊዝኛ ስሙ ታይገር ነት በመባል የሚታወቀው ቹፋ የቄጠማ ወገን ነው። የሚበላው ከመሬት ሥር የሚያፈራው፣ ሽምብራ የሚያክል ጣፋጭ ፍሬው ነው። ደረቅ ፍሬው በጥንታዊ የግብፅ መቃብሮች ውስጥ ተገኝቷል፤ የናይል ሸለቆ ገበሬዎች ቀድመው ካለመዷቸው ሰብሎች አንዱ ነው። ወደ ስፔን ያመጡት ዐረቦች እንደሆኑ ይነገራል።

ዛሬ አመራረቱ በዝርዝር የተጠናው በስፔን ቫሌንሲያ ግዛት፣ በተለይ በአልቦራያ ከተማ ዙሪያ ባለው የመስኖ መሬት ነው። ከቹፋ የሚዘጋጀው ኦርቻታ የአካባቢው መለያ መጠጥ ሲሆን፣ ፍሬው የትውልድ ስፍራ ስያሜ ጥበቃ አለው፤ ማለትም በአካባቢው ስም የሚሸጠው እዚያው የተመረተው ብቻ ነው።

ፍሬው ከአፈር ጋር አብሮ ተነስቶ በወንፊት ስለሚለይ አሸዋማና ልል አፈር ግድ ነው። ሸክላማ መሬት ላይ ፍሬው ይጣመማል፣ ጭቃው አይለቀውም፣ አጠባውም ያደክማል። ጠጠር ካለ ደግሞ ከፍሬው ጋር ተቀላቅሎ ለመልቀም አስቸጋሪ ይሆናል።

ተከላው ከሚያዝያ እስከ ግንቦት ነው። መሬቱ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ባሉ፣ በ60 ሳንቲ ሜትር በተራራቁ መደቦች ይዘጋጃል፤ ለአንድ ሄክታር 120 ኪሎ ግራም ገደማ ዘር ይበቃል። ቀኑ ረጅም በሆነባቸው ወራት ተክሉ ቅጠልና አዲስ ቡቃያ ያበዛል፤ ቀኑ ሲያጥር ወደ ፍሬ ያዘነብላል። ዘግይቶ የተተከለ ማሳ ፍሬ የሚያንሰው በቂ ቡቃያ ሳያወጣ የፍሬ ጊዜው ስለሚደርስበት ነው። የናይትሮጅን ማዳበሪያ ከልክ ሲያልፍም ውጤቱ ያው ነው፦ ቅጠሉ ይንዠረገጋል፣ ይጋደማል፣ ከሥር ግን ፍሬው ይሳሳል። ማሳውን ዓይቶ ብቻ ምርት መገመት የሚያሳስተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ውሃው ጥቂት በጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ መሆን አለበት። በሐምሌና በነሐሴ ፍሬው በሚሞላበት ወቅት መስኖ ቢቋረጥ ፍሬው ደቃቅ ሆኖ ይቀራል፤ ውሃ የሚተኛበት ማሳ ደግሞ ይበሰብሳል። በየዓመቱ አንድ መሬት ላይ መትከል አይመከርም፤ በአፈር የቀረው ፍሬ እንደገና እየበቀለ ማሳውን ያጨናንቃል፣ ተባይም ይከማቻል። ስለዚህ ከሰላጣ፣ ከሽንኩርትና ከድንች ጋር ይፈራረቃል።

አዝመራው ከኅዳር ጀምሮ ቅጠሉ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ይነሳል። ቶሎ የተነሳ ፍሬ ያልጠነከረ ነው፤ ሲደርቅ ከሚገባው በላይ ይጨማደዳል። ቀጥሎ ያለው ሥራ የጥራቱ ዋና መሠረት ነው፦ የታጠበው ፍሬ ንፋስ በሚያገኝ ቆጥ ላይ ተሰጥቶ ለ3 ወር ገደማ እየተገለባበጠ ይደርቃል፤ እርጥበቱም ከግማሽ ገደማ ወደ አንድ አሥረኛ አካባቢ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ ከስታርቹ ከፊሉ ወደ ስኳር ይቀየራል፤ ጣዕሙ የሚጎለብተው ከዚህ ነው። በኃይለኛ ሙቀት የተቻኮለ ፍሬ ይህን ዕድል አያገኝም። ወፍሮ ተሰጥቶ ሳይገለበጥ የቀረ ደግሞ ይሻግታል።

በሚገባ የደረቀ ቹፋ ከክብደቱ ሩብ ገደማ ስብ ነው፤ የስቡም ዋናው ክፍል፣ እንደ ወይራ ዘይት ሁሉ፣ ኦሌይክ አሲድ የተባለው የስብ ዓይነት ነው። ስታርቹም ከስቡ አያንስም። ፕሮቲኑ ግን መጠነኛ ነው።

በኒጀር፣ በማሊና በቡርኪና ፋሶ ቹፋ በአብዛኛው በዝናብ፣ በአሸዋማ ማሳ ላይ ይመረታል፤ ዝናቡ ቀድሞ ካበቃ ፍሬው ይቀጭጫል። የቫሌንሲያ አምራቾች የእነርሱ ፍሬ ስቡም ጣፋጭነቱም እንደሚበልጥ ይናገራሉ። ይህን ለማረጋገጥ ግን ናሙናዎቹ እኩል መድረቅ ይኖርባቸዋል፤ በ100 ግራም የሚሰጥ አኃዝ በእርጥበቱ ልዩነት ብቻ ሊበላለጥ ይችላልና።